ሽታ የሚያግድ የዝናብ ውኃ ጉድጓድ፦ ንድፉ ከደረቁ ወራት ሲጀምር

የዝናብ ውኃ መቀበያ ጉድጓድ ሸተተ የሚል ቅሬታ የሚደርሰኝ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ካቆመ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ዝናቡ በሚወርድባቸው ወራት ስለ ጉድጓዱ የሚያስብ ሰው የለም፤ ውኃው ከአሸንዳውና ከግቢው ወለል ተሰብስቦ በፍርግርጉ ይገባል፣ በቱቦው ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሰማዩ ጠርቶ ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ለውኃ ብቻ የተተወ የሚመስለው ያ ቀዳዳ የፍሳሽ መስመሩ መተንፈሻ ሆኖ ይገኛል፣ በአቅራቢያውም መስኮት የሚከፍት ሰው ይጠፋል።

እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ስሌቴን ሁሉ የምሠራው ለኃይለኛው ዝናብ ነበር። ምን ያህል ውኃ ይመጣል፣ ቱቦው ይችላል ወይ፣ ግቢው ይጥለቀለቃል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከተመለሱ ንድፉ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ሽታን የሚከለክል ጉድጓድ ግን ከተቃራኒው ጫፍ መጀመር እንዳለበት ቀስ በቀስ ተረዳሁ፤ ይኸውም ዓመቱ ውስጥ ካሉት ደረቅ ጊዜዎች ሁሉ ረጅሙ ስንት ቀን ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ መጨረሻ ላይስ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ ይቀራል ከሚለው ጥያቄ ነው። የዝናቡ ስሌት ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ እውነቱን ለመናገርም የቀለለው ክፍል ነው።

ከሁሉ በፊት ጉድጓዱ የሚያፈስሰው ወዴት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የዝናብ ውኃው ለብቻው በተዘረጋ መስመር ወደ ወንዝ ወይም ወደ ክፍት ቦይ የሚሄድ ከሆነ የመጸዳጃ ቤት ሽታ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ከመጣ፣ ከመስመሩ ላይኛው ክፍል አንድ ሰው የፍሳሽ ቱቦ ቀጥሎበታል ማለት ነው፤ ይህም ተፈልጎ መነቀል ያለበት ጥፋት እንጂ በሲፎን፣ ማለትም ውኃ በሚቆምበት የታጠፈ ቱቦ፣ ተሸፍኖ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የዝናብና የመጸዳጃ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ በሚሄዱበት ቅይጥ መስመር ላይ ግን እያንዳንዱ የዝናብ ውኃ መግቢያ በመሠረቱ የፍሳሽ መስመሩ ክፍት አፍ ስለሆነ፣ መዝጊያ ከሌለው መሽተቱ የማይቀር ነው። ሦስተኛ ምንጭም አለ፣ ብዙ ጊዜም ይረሳል፦ ጉድጓዱ ራሱ። ከታች የተጠራቀመ ቅጠልና ደለል አየር አጥቶ ሲበሰብስ ከፍሳሽ የማይለይ ሽታ ያወጣል፣ ይህን ደግሞ በመውጫው በኩል የተገጠመ የትኛውም መዝጊያ አያግደውም።

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ዋና ባለቤት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ነው። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ሰልፌት፣ በቱቦው ግድግዳና በዝቃጩ ላይ በሚለጠፈው ልጋግ ውስጥ ኦክስጅን ሳያሻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል፤ ውኃው በተንገጫገጨና በተረጨ ቁጥርም ጋዙ ወደ አየሩ ይወጣል። አፍንጫችን ይህን ጋዝ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ ይለየዋል፤ ስለዚህ በክዳን ጠርዝ ዙሪያ የቀረች የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ክፍተት ግቢውን ለማስመረር ትበቃለች። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ከታች ይቀመጣል የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ንጹሑ ጋዝ ከአየር በ1.2 እጥፍ ያህል እንደሚከብድ እውነት ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግን በጣም ጥቂት ጋዝ የተቀላቀለበት ሞቃትና እርጥብ አየር ስለሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የጋዙ ክብደት ሳይሆን የአየሩ ሙቀትና ግፊት ነው።

ይህን አየር የሚያቆመው ነገር ከ250 ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ በለንደን ይሠራ የነበረ ሰዓት ሠሪ በ1775 እ.ኤ.አ. ለመጸዳጃ ቤት የፈጠራ መብት ሲያወጣ፣ ቱቦውን አጥፎ በእጥፋቱ ውስጥ ውኃ እንዲቀር አደረገ። ዛሬ በእጅ መታጠቢያ ሥር የምናየው ሲፎን የዚያው ልጅ ነው። በጉድጓድም ቢሆን መርሁ አንድ ነው፦ በሰውና በመጥፎው ሽታ መካከል አየር የማያልፍበት ጥቂት ውኃ ማቆም። ይህን በዚህ ጽሑፍ የውኃ መዝጊያ እለዋለሁ።

የውኃ መዝጊያ ጥልቀት የሚለካው ከሁለት ነጥቦች መካከል ነው። ላይኛው ነጥብ የመውጫው ቱቦ የውስጥ ወለል ነው፤ ውኃው ከዚያ በላይ ከሆነ ፈስሶ ይሄዳልና በደረቅ ቀን ከዚያ በላይ ሊቆም አይችልም። ታችኛው ነጥብ ወደ ታች የታጠፈው ቱቦ አፍ፣ ወይም ከላይ ወደ ውኃው የወረደው ግድግዳ የታች ጠርዝ ነው፤ ውኃው ከዚያ በታች ሲወርድ አየሩ መንገድ ያገኛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቁመት ብቻ ነው የሚያግደው። ከታችኛው ነጥብ በታች አንድ ሜትር ውኃ ቢኖርም ለሽታው ምንም አይጠቅምም፤ ደለል ማስቀመጫ ነው። ንድፎችን ስመለከት ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ይህ ነው፦ ሰፊና ጥልቅ ጉድጓድ ተሠርቶ፣ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም ተብሎ ይታመንበታል፣ የታጠፈው ቱቦ አፍ ግን ከውኃው ገጽ በታች የሚገባው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ለቤት ውስጥ ሲፎኖችና ለወለል መግቢያዎች በብዙ አገሮች መመዘኛ የተለመደው ዝቅተኛ ጥልቀት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁመት ወደ 490 ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ይቋቋማል። በሌላ በኩል በፍሳሽ መስመሩና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት የሚፈጠረውን ግፊት እናስላ፦ በመስመሩ ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ውጭ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንና የአየሩ ዓምድ 10 ሜትር ቢረዝም፣ የሚገኘው ልዩነት 10 ፓስካል እንኳ አይሞላም፣ በውኃ ከፍታ ሲተረጎምም ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ በተለመደው ቀን አየሩ ውኃውን ገፍቶ አያልፍም። መስመሩ በድንገት ሲሞላ ታምቆ የሚገፋው አየር ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊበረታ ይችላል፣ ያኔ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይሰማል፤ ነገር ግን ያ ሰዓት ዝናብ የሚወርድበት ሰዓት ስለሆነ ውኃው ወዲያው ይተካል። የውኃ መዝጊያን በአብዛኛው የሚያሸንፈው ግፊት ሳይሆን ትነትና ፍንጣቂ (በስንጥቅ የሚያመልጥ ውኃ) ነው።

ትነቱን በቀላል ስሌት እንየው። በቀን 2 ሚሊ ሜትር ይተናል ብለን ብንነሣ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መዝጊያ በ25 ቀን ያልቃል፤ 100 ሚሊ ሜትር 50 ቀን ይቆያል፣ 150 ሚሊ ሜትር ደግሞ 75 ቀን። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ የጉድጓዱ ስፋት የትም አልገባም። ስፋቱ ሲጨምር የሚተነው ውኃ በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ ሰፊው ጉድጓድ ከጠባቡ በአንድም ቀን አይበልጥም። እንዲያውም በአንድ ነገር ያንሳል፦ ጎንና ጎኑ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ያጣውን 50 ሚሊ ሜትር ለመመለስ 18 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ባልዲ ይበቃዋል፤ ጎንና ጎኑ አንድ ሜትር የሆነው ግን 50 ሊትር ይጠይቃል።

ከዚህ ስሌት በመነሣት ለብዙ ጊዜ ያመለጠኝን አንድ ነገር ላስረዳ። ጉድጓዱ ከላይ በተንጠለጠለ ግድግዳ ለሁለት ሲከፈል፣ አንደኛው ክፍል በፍርግርግ የተሸፈነና ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ፍሳሽ መስመሩ የሚወጣበት ክፍል ደግሞ በድፍን ክዳን ተዘግቶ በእርጥበት የተሞላ አየር ያለበት ስለሆነ ከእርሱ የሚተነው እጅግ ጥቂት ነው። የሁለቱ ክፍሎች ውኃ ከግድግዳው ሥር የተገናኘ በመሆኑ ግን ገጻቸው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የተጋለጠውን ክፍል አነስተኛ፣ የተዘጋውን ሰፊ ካደረግን የተዘጋው ክፍል ለተጋለጠው እንደ ማጠራቀሚያ ያገለግለዋል። የጉድጓዱ የውስጥ ስፋት 600 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተጋለጠው ክፍል 300፣ የተዘጋው 600 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖራቸው፣ ከገጹ የሚተነው ሲሶው ብቻ ነው፤ ያ በቀን 2 ሚሊ ሜትር የነበረው አወራረድ ወደ 0.7 ይጠጋል፣ 100 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መዝጊያም ከአራት ወር በላይ ይቆያል ማለት ነው። ከተዘጋው ክፍል የሚጠፋ ጥቂት ስለሚኖር በተግባር ከዚህ ያነሰ ቀን ልንጠብቅ ይገባናል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወደ ታች በታጠፈ ቱቦ የሚሠራው ጉድጓድ ይህ ጥቅም የለውም፤ በእርሱ ዘንድ የተጋለጠው ገጽ ጉድጓዱ በሙሉ ሲሆን የተዘጋው የቱቦው አፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቦታ ካለ ምርጫዬ ባለ ሁለት ክፍሉ ነው። የምጠቀምባቸው ልኮች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፦ ከመውጫው ወለል እስከ ተንጠልጣዩ ግድግዳ ጠርዝ 100 ሚሊ ሜትር፣ ከጠርዙ በታች ውኃው የሚያልፍበት ክፍተት 150 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ በታች ለደለል 200 ሚሊ ሜትር፤ በጠቅላላው ከመውጫው ወለል በታች 450 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ተንጠልጣዩ ግድግዳ በሁለቱ ጎኖቹ ያለ ክፍተት ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር መያያዝ፣ ከላይም እስከ ተዘጋው ክፍል ጣሪያ ድረስ መድረስ አለበት። ይህ ግልጽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ግድግዳው ከክዳኑ አንድ ጣት ጎድሎ የተሠራበትን ጉድጓድ አይቻለሁ፣ ሽታው በዚያች ጣት ክፍተት በኩል በፍርግርጉ ይወጣ ነበር። የተዘጋው ክፍል ክዳንም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያለው አየር የፍሳሽ መስመሩ አየር ስለሆነ ተራ ክዳን አይበቃውም፤ ፍሬሙ ላይ ባለው ድርብ ጉድብ ውስጥ ግራሶ የሚሞላበት ወይም የጎማ ቀለበት ያለው ክዳን ያስፈልገዋል፣ ለማጽዳት በተከፈተ ቁጥርም ግራሶው ይታደሳል።

ቦታ ሲጠብብ ወይም የነበረ ጉድጓድ ሲታደስ የታጠፈው ቱቦ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የሚሉትን 90 ዲግሪ እጥፋት በመውጫው አፍ ላይ ወደ ታች አዙሮ መግጠም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። የመጀመሪያው፣ ጎሚቶው በሙጫ ወይም በሲሚንቶ እንዳይለጠፍና በጎማ ቀለበት ተገጥሞ በእጅ የሚነቀል እንዲሆን ነው፤ መስመሩ ሲደፈን ከጉድጓዱ ወደ ቱቦው የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም፣ የማይነቀል ጎሚቶ ደግሞ ሽቦ ይዞ በመጣው ሠራተኛ በመዶሻ ተሰብሮ ይቀራል። ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። የታጠፈው ቱቦ ውኃውን ስቦ ባዶ እንዳያደርገው በማለት በአንድ ሥራዬ ላይ ከጎሚቶው አናት ትንሽ የአየር ቀዳዳ እንዲበሳ አዝዤ ነበር። ሐሳቡ ከመጽሐፍ የተገኘና ትክክለኛ ነው፤ እኔ ያላሰብኩት ግን በጎሚቶው ውስጥ ከውኃው በላይ ያለው አየር የፍሳሽ መስመሩ አየር መሆኑን ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ቀዳዳ በኩል መዝጊያውን በገዛ እጄ ከፈትኩት። ውኃው እንደ ሞላ እየታየ ሽታው ሲቀጥል ሁለት ቀን ግራ ተጋብቼ ነበር። የአየር መግቢያ የሚያስፈልግ ከሆነ በቱቦ ተቀጥሎ ከሰው ራቅ ብሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ወይም መውጫው ቱቦ ሞልቶ እንዳይፈስስ አንድ ደረጃ ሰፋ ማድረጉ ይሻላል።

ወደ ፍንጣቂው ልመለስ፤ ከትነት ይልቅ ብዙ ጉድጓዶችን የሚያደርቀው እርሱ ነውና። አንድ ጊዜ በየሦስት ቀኑ ውኃ የሚጨመርበት ጉድጓድ እንዳይ ተጠራሁ። የቤቱ ባለቤት የሆኑ አዛውንት በፍርግርጉ አጠገብ ሁልጊዜ የሞላ ጀሪካን አስቀምጠዋል። «ልጄ፣ ፀሐዩ ነው ይሉኛል፤ ፀሐይ እንዲህ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ። ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። አንድ ባልዲ ውኃ ሞልተን፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጨምረንበት፣ ከንፈሩ ከውኃው ገጽ በላይ እንዲቀር አድርገን በጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥነው፤ የባልዲውንም የጉድጓዱንም የውኃ ልክ በእርሳስ አሰመርን። ባልዲው ያለበት አየርና ጥላ ከጉድጓዱ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ከባልዲው የጎደለው ትነት ነው፤ ከዚያ በላይ ከጉድጓዱ የጎደለው ሁሉ ፍንጣቂ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ባልዲው 5 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ ጉድጓዱ 50 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። ከየት እንደሚፈስስ ለማወቅ ብዙ አልተቸገርንም፤ ውኃው ወርዶ የቆመው መውጫው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ከሚያልፍበት ቀዳዳ የታች ጠርዝ ላይ ነበር።

ይህ ቦታ ደካማ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሲሚንቶ ለስላሳ የፒቪሲ ገጽ ላይ አይነክስም፤ ሲደርቅ ደግሞ በመጠኑ ይሰበሰባልና በቱቦው ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ይከፈታል። መፍትሔው ቱቦው ከመገጠሙ በፊት በግድግዳው ውስጥ በሚቀረው ርዝመት ላይ የፒቪሲ ሙጫ ቀብቶ ደረቅ ጥርብ አሸዋ መነስነስ ነው፤ ሙጫው ሲደርቅ ገጹ እንደ ሞረድ ይሻክራል፣ ሲሚንቶውም የሚይዘው ያገኛል። ለነባሩ ጉድጓድ ዙሪያውን በመሮ ከፍቶ፣ አቧራውን አጥቦ፣ በማይሰበሰብ ሞርታር መሙላት ይበቃል። ከዚህ ጋር በብሎኬት ወይም በጡብ የተሠራ ጉድጓድ ወለሉም ግድግዳውም ውኃ በማያሳልፍ ልስን በሁለት እጅ መለሰን አለበት፤ ወለሉ ባዶ ጠጠር ሆኖ ውኃው ወደ መሬት ቢሰርግ ምን ችግር አለው የሚል ሰው ካለ፣ ችግሩ መዝጊያው አብሮ መስረጉ ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ ቀን። 200 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያና ንጣፍ፣ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ፣ ከመቶ 90ው ወደ ጉድጓዱ ይደርሳል ብንል፣ የሚመጣው ውኃ በሰከንድ 5 ሊትር ነው። በ100 ሜትር 1 ሜትር ቁልቁለት የተዘረጋ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ የቱቦን የማሳለፍ አቅም ለማስላት በሚያገለግለው በማኒንግ ቀመር ሲሰላ ሞልቶ የሚያሳልፈው ወደ 5 ሊትር ነው፤ 150 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ወደ 15 ሊትር። ሲፎኑ ራሱ የሚያስከፍለውን ዋጋ ስንጨምርበት ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። እጥፋቱ የፍጥነቱን ከፍታ (የውኃው ፍጥነት በውኃ ከፍታ ሲለካ የሚሆነውን) ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ያባክናል ብንል፣ 5ቱ ሊትር በ100 ሚሊ ሜትር ሲፎን ሲያልፍ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መገፋት ይኖርበታል፤ በ150 ሚሊ ሜትር ግን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ጠፍጣፋ ግቢ ላይ ያቺ 4 ሳንቲ ሜትር በደረቅ በርና በረጠበ በር መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች። በባለ ሁለት ክፍሉ ጉድጓድ ከግድግዳው ሥር ያለው ክፍተት 600 በ150 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ አምስት እጥፍ ይሰፋል፤ በዚያ የሚባክነው ከፍታ ከቁጥር አይገባም።

ደለሉ ግን ትኩረት ይፈልጋል። የደለሉ ክምር ወደ ግድግዳው ጠርዝ ሲቃረብ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ውኃው ይታገዳል፣ ከዚያም አንድ ሰው በንዴት ግድግዳውን ይሰብረዋል። የደለሉን ቦታ በጣም ማጥለቅ ደግሞ በሌላ በኩል ይጎዳል፤ ጥልቅ ጉድጓድ ማለት ብዙ ቅጠልና ጭቃ አከማችቶ ለወራት የሚያበሰብስ፣ ሽታውንም ከመዝጊያው ወዲህ ማዶ ሆኖ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚለቅቅ ጉድጓድ ማለት ነው። እኔ ከጥልቀት ይልቅ በፍርግርጉ ሥር የሚንጠለጠል ባለ ቀዳዳ ቅርጫት እመርጣለሁ፤ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ቀርቶ ይደርቃል፣ አንድ ሰውም ሳይቆፍር አንሥቶ ይደፋዋል። የትንኝ ጉዳይም እዚሁ ይነሣል። በሞቃት አየር ትንኝ ከእንቁላል ወደ በራሪነት የሚደርሰው ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ለወራት የሚቆም ውኃ መዋለጃ ይሆናል። የተጋለጠው ክፍል ትንሽ መሆኑ በዚህም ይረዳል፤ ከቅርጫቱ በላይ ጥሩ ወንፊት መጨመር ይቻላል፣ ነገር ግን ወንፊቱ በአንድ ዝናብ ቅጠል ሊደፈን ስለሚችል በዝናብ ወራት ተነሥቶ በደረቁ ወራት ብቻ ቢገጠም ይሻላል። በውኃው ላይ ዘይት ማፍሰስ ትነትንም ትንኝንም እንደሚቀንስ እውነት ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዝናብ ተጠርጎ ወደ መስመሩ የሚሄድ ነገር ስለሆነ አልመክረውም።

ውኃ የማይፈልጉ፣ በጎማ ምላስ ወይም በሚከፈትና በሚዘጋ ክዳን የሚሠሩ መዝጊያዎችም አሉ። አዲስ ሲሆኑ በደንብ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ አንዲት ጠጠር ወይም አንድ የቅጠል ዘንግ በምላሱ ጠርዝ ላይ ብትቀር መዝጊያው ክፍት ሆኖ ይከርማል፣ ከላይ የሚያይ ሰውም አያውቅም። ደረቁ ወቅት በጣም ረጅም በሆነበት ቦታ ከውኃው መዝጊያ ጋር እንደ ሁለተኛ ጠባቂ እጨምራቸዋለሁ፤ ብቻቸውን ግን አልተማመንባቸውም። የውኃ መዝጊያም በበኩሉ የማይሠራው ነገር አለ፦ መስመሩ ሞልቶ ፍሳሽ ወደ ኋላ ሲመለስ አያቆመውም፤ ለዚያ የተለየ የማይመልስ ቫልቭ ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙዎች የማያስቡት፣ አንዱን አፍ ስንዘጋ አየሩ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በቅይጥ መስመር ላይ የነበሩት የዝናብ መግቢያዎች ሳይታሰብ መስመሩን ያስተነፍሱት ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲዘጉ አየሩ ቀጥሎ ደካማ የሆነውን ቦታ ይፈልጋል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ለወራት ውኃ ያልፈሰሰበት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት የወለል ሲፎን ነው። ስለዚህ ጉድጓዶቹን ከማደስ በፊት የሕንፃው የአየር ማስወጫ ቱቦ ከጣሪያ በላይ መውጣቱን፣ አለመደፈኑንና ከመስኮት መራቁን አረጋግጣለሁ። በ1858 እ.ኤ.አ. የቴምስ ወንዝ ሽታ ለንደንን ካስመረረ በኋላ በጆሴፍ ባዛልጌት መሪነት በተዘረጋው የፍሳሽ መስመር ላይም አየሩ ከሰው በላይ እንዲወጣ ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች በየመንገዱ ተተክለው ነበር፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

በተዘጋው ክፍል ያለው ኮንክሪትም የራሱ ጠላት አለው። ጋዙ ከውኃው በላይ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ሲሚንቶውን ወደ ነጭ ልፍስፍስ ነገር ይቀይረዋል። ለዚህ ነው ተንጠልጣዩን ግድግዳ ከተራ ላሜራ የማልሠራው፤ ጥቅጥቅ ካለ ኮንክሪት ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ይሠራል። ይህን ክፍል ለማየት ክዳኑን የሚከፍት ሰውም ከላይ ሆኖ በረጅም መሣሪያ ይሥራ እንጂ ጭንቅላቱን አያስገባ፣ አይግባበትም። ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ጋዙ አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው ጠፋ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ፈተና አደርጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ጉድጓዱን እስከ መውጫው ወለል ሞልቶ አንድ ሌሊት ማሳደርና ከላይ በተናገርኩት ባልዲ ማመሳከር ነው። ሁለተኛው የጭስ ፈተና ነው፦ ከታችኛው ማንሆል ጭስ ወደ መስመሩ በቀስታ ይነፋል፣ ከዚያም በፍርግርጉ፣ በክዳኑ ጠርዝና በተንጠልጣዩ ግድግዳ ማዕዘኖች ላይ የእጅ ባትሪ እያበሩ ይጠበቃል። ጭሱ ከጣሪያው የአየር ማስወጫ ብቻ ሲወጣ ከታየ ጉድጓዱ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ በኋላ በተጋለጠው ክፍል ግድግዳ ላይ በማይለቅ ቀለም ሁለት መስመር አሰምራለሁ፤ ሰማያዊው በመውጫው ወለል ልክ፣ ቀዩ ከግድግዳው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። በዚያ ግቢ የሚኖረው ሰው በፍርግርጉ አሻግሮ አይቶ፣ ውኃው ወደ ቀዩ ሲቃረብ ሁለት ባልዲ ያፈስስበታል።